አፈር ስሆን፣ አንዲት ብቻ

ይህ በራሴ ቤት የሆነ፣ በራሴ ዓይን ያየሁት ነው። የሚጠራጠር ይጠራጠር፤ ለማንም አልምልም።

ስድሳ ሰባት ዓመተ ምህረት፣ ሐምሌ ነው። ዘማች ተማሪዎች ከተማውን የሞሉበት ክረምት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከመካነ ሰላም ገበያ ዝቅ ብሎ ባለው ቤቴ...

መጀመሪያ ግን ቂሜን ልናገር።

አልታዬ የምትባል አረቄ ሻጭ ጎረቤት ነበረችኝ። እምቢ ቢሏት አትሰማም። በቃኝ ስላት «አፈር ስሆን፣ አንዲት ብቻ» ትላለች። አንዲቷ አስር ትሆናለች። በረሃቡ ዓመት ትልቋ ልጄ አበቡ «ውሃ» እያለች ስትሞት፣ እኔ አልታዬ ቤት ወድቄ ነበር።

ሰው የሚሰድበው እኔን ነው። ያጠጣችኝን ማንም አይጠይቅም።

ከዚያ ጠበል ገባሁ። ሁለት ወር ተጠመቅሁ። አጥማቂው አባ ሲያሰናብቱኝ፣ «ፈጽሞ ብከለክልሽ ግዝቱን ታፈርሺዋለሽ፤ አውቅሻለሁ» አሉኝ። «በቀን አንድ መለኪያ፣ በዘጠኝ ሰዓት። ጠጥተሽ መለኪያውን በአፉ ድፊው።»

ስመለስ አልታዬ የለችም። ረሃቡ የተዋትን ተስቦ ወስዷት፣ ከሌሎች ጋር በአንድ ጉድጓድ ቀብረዋታል።

አላለቀስኩም።

ያን የሐምሌ ቀን ዝናብ ነው። የቀረችኝ ልጅ ወርቂቱ ትኩሳት ይዟት መደቡ ላይ ተኝታለች። በየጥቂቱ ውሃ እሰጣታለሁ። ሰዓቱ ሲደርስ አንዲቷን ጠጣሁ፤ መለኪያውን ደፋሁ።

እሳቱን ቆስቁሼ ዞር ስል...

መለኪያው ቀና ብሏል።

ሙሉ ነው።

ጠርሙሱ እንደተወተፈ ነው።

ረስቼ ይሆናል ብዬ ደጅ ደፋሁት። ጠርሙሱን ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ። መለኪያውን እንደገና ደፋሁ።

ለወርቂቱ ውሃ ሰጥቼ ተመለስኩ...

ሞልቷል። አፉ ዙሪያውን አፈር ነክቶታል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከመፍራቴ ይልቅ ጠማኝ።

ከመደቡ ሥር፣ በሹክሹክታ...

«እታለም... አፈር ስሆን።»

ድምፁን አወቅሁት።

«ሆነሻል እኮ» አልኳት። «ሌላ ምን ቀረሽ?»

ሳቀች። እንደ ድሮዋ፣ ሳል እያቋረጣት።

«አንዲት ብቻ።»

«ጠጥቻለሁ።»

«ማን ያይሻል?»

እጄ መለኪያውን አንስቷል። ከንፈሬ ሲደርስ ወርቂቱ «እማ...» አለች። ቀጥላ ምን እንዳለች አልሰማሁም። የአልታዬ ሳቅ ጆሮዬን ሞልቶታል።

ልጄ እየጠራችኝ... አልሰማሁም።

ያን ጊዜ ንዴቴ ከጥማቴ በለጠ። ተንበርክኬ መለኪያውን መደቡ ሥር፣ መሬቱ ላይ ገለበጥኩት።

«አንቺ ጠጪ። ስንት ዓመት እኔን አጠጣሽኝ።»

አፈሩ ዋጠ። እንደ ሰው ጉሮሮ... ጉጭ... ጉጭ...

«ድገሚኝ» አለች።

«አንድ ነው። አባ አንድ ነው ያሉት። ላንቺም አንድ ነው።»

የዝናቡ ድምፅ ተመለሰ። ወርቂቱ «እማ፣ ውሃ» ስትል ሰማኋት። አጠጣኋት።

በማግስቱ ጠዋት ዶማ አንስቼ ያን ቦታ ቆፈርኩ። ስንዝር ያህል ደረቅ አፈር ነው። ከዚያ አንድ ጓል ወጣ። ገለበጥኩት።

ከታች በኩል መዳፍ ታትሞበታል። አምስቱም ጣቶች ተዘርግተዋል... እንደሚቀበል ሰው እጅ።

መዳፉ እርጥብ ነበር።