የሶልቢ የመጨረሻ ዘፈን

ኮከብ በሩን ከመግፋቷ በፊት አንድ ለስላሳ ነገር ረገጠች። ጎንበስ ብላ አላየችውም። ደጋግማ ብትደውል የትናየት ስልኳን ስላላነሳች ልቧ ቀድሞ ፈርቷል።

«የትናየት፣ ኧረ መኪናው ሊያመልጥሽ ነው» አለች።

በሩን ስትከፍተው የታፈነ አየር ፊቷን መታት። የትናየት ከነልብሷ አልጋው ላይ በጎኗ ተኝታለች። ጉንጯ እንደ ጤነኛ ሰው ቀልቷል። አልጋው ግርጌ በተቀመጠው የከሰል ማንደጃ ውስጥ አመድ ብቻ ቀርቷል። ኮከብ እጇን ያዘቻት። እጇ ቀዝቅዞ ደርቋል።

የትናየት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች፤ ሰው ይበልጥ የሚያውቃት ግን በድምፅዋ ነው። እሷ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራው ኮከብ፣ ፀጉር ሠሪዋ ሲሲና የሞባይል ጠጋኙ ያርጋል አንድ የቴሌግራም ቻናል ነበራቸው። የኮሪያ ሴት ዘፋኞች ቡድኖች አዲስ አልበም ባወጡ ቁጥር ሁለት ሁለቱን አጋጥመው የትኛው እንደሚበልጥ በአማርኛ ይከራከሩበታል። ሰሞኑን ሃነልና ሶልቢ የሚባሉት ቡድኖች ተከታትለው አዲስ አልበም አውጥተዋል። ሲሲ የሃነል፣ የትናየት የሶልቢ ደጋፊ ናቸው። አንድ የአዲስ አበባ ሬዲዮ ጣቢያ ይህንኑ ክርክር በአየር ላይ እንድታቀርብ የትናየትን ጠርቷት ነበር። የሞተችው ሻንጣዋን ሸክፋ ለመንገድ ባደረችበት ሌሊት ነው።

ጎረቤቱ ሁሉ «የከሰል ጭስ ገደላት» አለና ነገሩን ዘጋው። ደባርቅን በመሰለ ብርዳም አገር አዲስ ነገር አይደለም። ከዳባት የተጠራችው ኢንስፔክተር ጽጌሬዳ ግን አልዘጋችውም። ቀጠን ያለች፣ አርባዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት፤ ሰው ሲያወራ ፊቱን ትታ እጁን ታያለች። ኮከብን ደጃፉ ላይ አቆመቻትና የተጠቀለለ አሮጌ ፎጣ አሳየቻት።

«ይህን አይተሽዋል?»

«ረግጬው ነበር መሰለኝ።»

«በሩን ከከፈትሽ በኋላ ነው ወይስ ሳትከፍቺ?»

ኮከብ አሰበች። «ሳልከፍት ነው። ውጭ ቆሜ ነው የረገጥኩት።»

«እንግዲያው የበሩን ሥር የደፈነው ሰው ውጭ ነበር» አለች ጽጌሬዳ ቀስ ብላ። «አከራዮቿ ለተዝካር አዲ አርቃይ ወርደዋል። ማን ሊጠይቃት ይመጣ ነበር?»

«እኔ፣ ሲሲና ያርጋል። ወንድሟ ልደቱም ከዳባት አልፎ አልፎ ይመጣል። እህል ነጋዴ ነው። ‹ሥራሽን ጥለሽ ለዘፈን ብለሽ አዲስ አበባ አትሄጂም› ብሎ ተጣልተው ነበር።»

«ያርጋልስ?»

«ይወዳት ነበር። እሷ አልፈለገችውም። ሌላም ነገር አለ። የማይረባ ነው።»

«የማይረባውንም ንገሪኝ።»

«ያን ዕለት ሲመሻሽ ደወለችልኝ። የአክስቷ ልጅ ከአዲስ አበባ የሶልቢን ሲዲ ልኮላት የጎንደር ሚኒባስ ገና ማድረሱ ነበር። እኛ ስልካችን ላይ ያለው የሶልቢ አልበም በጭፈራ ዘፈን ነው የሚያበቃው። ሲዲው ላይ ግን ከጭፈራው በኋላ ዝም ይልና፣ አንዲት ልጅ ያለ ምንም መሣሪያ እንደ እሹሩሩ አድርጋ ትዘፍናለች። ስልኩን ወደ ማጫወቻው አስጠግታ አሰማችኝ። ‹ለማንም እንዳትነግሪ፣ ሬዲዮ ላይ ነው የማወጣው› አለችኝ። ከዚያ በር ተንኳኳና ዘጋችው።»

«ማን እንደመጣ አልተናገረችም?»

«አልተናገረችም።»

«ዘፈኑ እዚህ ከተማ ሌላ ሰው ጋ ይገኛል?»

«ከየት ይመጣል? ያርጋል አልበሙን አውርዶ ለሁላችን ከጫነልን በኋላ ኢንተርኔት ተቋርጧል። ሲዲውም የእሷ ብቻ ነው።»

«ለማን ነግረሻል?»

«ለማንም።»

«አሁንም እንዳትነግሪ» አለች ጽጌሬዳ። «ለቅርብ ሰውሽም ቢሆን።»

ኮከብ መፍራት የጀመረችው ያኔ ነው። ያንን ዘፈን የሰማ ሰው በሕይወት ካለ፣ አንዷ እሷ ናት፤ ሌላው በሩን ያንኳኳው ነው።

ቀብሩ ዳባት ሆነ። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ሙሾ አውርደው አረፍ ሲሉ ኮከብ ከጀርባዋ ዜማ ሰማች። አፉን ሳይከፍት፣ ራሱም ሳያውቀው በጉሮሮው የሚያንጎራጉር ሰው ነው። መጀመሪያ የሟቿ ድምፅ መስሏት ደነገጠች። ከዚያ ዜማውን ለየችው። በስልክ የሰማችው ራሱ ነው። የወንድ ይሁን የሴት በጫጫታው መሃል መለየት አልቻለችም። እንደምንም ስትዞር ዜማው ቆሟል። ያርጋል ለለቀስተኛው ውኃ ያድላል። ልደቱ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሲሲ የሟችን እናት የወይዘሮ እስከዳርን ትከሻ አቅፋለች።

«ምነው ኮኪዬ፣ ተንቀጠቀጥሽ?» አለቻት ሲሲ።

«በረደኝ።»

ወይዘሮ እስከዳር የሲሲን እጅ ይዘው «ልጄን ቢወስድብኝ ይህችን ተወልኝ» አሉ። በዙሪያቸው ያሉት ሴቶች አለቀሱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ኮከብ ብቻዋን መተኛት አቃታት። ሲሲን እባክሽ አብረሽኝ እደሪ አለቻት፤ ሲሲም ፍራሽዋን ይዛ መጣች። በሩን ራሷ ሲሲ ናት የምትቆልፈው። ያርጋል አንድ ቀን ሊጠይቃቸው መጥቶ ሲያንኳኳ ኮከብ ከአልጋው ጥግ ተሸጉጣ «እንዳትከፍቺለት» አለች፤ ሲሲም እቅፍ አድርጋ አረጋጋቻት።

ኮከብ ስለ ዜማው ስትነግራት ጽጌሬዳ አልተገረመችም።

«ጆሮሽን አምነዋለሁ። ግን ማን እንዳንጎራጎረ አላየሽም። እንግዲህ ያንጎራጎረው ሰው ራሱ ይነግረናል።»

በማግስቱ ሁሉንም በሟቿ አከራዮች ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ፖሊስ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«እኔ ስለ ኮሪያ ዘፈን የማውቀው የለም» አለች ጽጌሬዳ። «የትናየት ሬዲዮ ላይ ልትናገር ያሰበችውን ከእናንተ መስማት እፈልጋለሁ። ሃነልና ሶልቢ፣ የትኛው አልበም ይበልጣል?»

«እህቴን ቀብሬ ስለ ዘፈን ላወራ ነው?» አለ ልደቱ።

«ይታገሡኝ አቶ ልደቱ።»

ልደቱ መሬት መሬቱን እያየ መለሰ። «ዘፈኑን አላውቀውም። የምሰማው የእሷን ንግግር ብቻ ነው። ተኳርፈን እንኳ እሰማት ነበር።»

ያርጋል ጉሮሮውን ጠረገ። «ሶልቢዎች ይበልጣሉ። ቀዝቀዝ ብለው ይጀምሩና እየጋለ እየጋለ ሄዶ በትልቁ ጭፈራ ይዘጋል። ሰው ትንፋሹን ሳይሰበስብ ያልቃል።»

«አንቺስ፣ ሲሲ?»

«እኔ የሃነል ነኝ፤ ያልደበቅሁት ነው። ሃነሎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጉልበት አላቸው። ሶልቢዎች ግን ያን ሁሉ አግለውት ሲያበቁ መጨረሻ ላይ እሹሩሩ ይላሉ። ያለ ከበሮ፣ ያለ ምንም። አልበም እንደዚያ አይዘጋም።»

ያርጋል ቀና አለ። «የምን እሹሩሩ?»

ኮከብ ወደ ሲሲ ዞረች። ሲሲ አጠገቧ ነው የተቀመጠችው፤ ክንዳቸው ይነካካል። ኮከብ ክንዷን ቀስ ብላ ሰበሰበች።

«ያርጋል፣ በስልክህ ያለውን መጨረሻውን አሰማን» አለች ጽጌሬዳ። ጭፈራው ሳሎኑን ሞላው፤ ከዚያም አበቃ። ምንም አልተከተለውም።

«ለሁላችሁም አልበሙን የጫነላችሁ ያርጋል ነው። እሹሩሩው ያለው ሲዲው ላይ ብቻ ነው። ሲዲውን ሾፌሩ ለየትናየት በእጇ የሰጣት በሞተችበት ምሽት ነው። እኛ ስንደርስ ማጫወቻው ውስጥ ነበር። ሲሲ፣ አንቺ ደግሞ ለእኔ የሰጠሽኝ ቃል ‹ከቀትር በኋላ አላየኋትም፣ ራሴን አሞኝ ቤቴ ተኝቼ ነበር› የሚል ነው።»

«ስልኬ ላይ ሰምቼው ይሆናል» አለች ሲሲ።

«ስልክሽን አምጪውና እንስማው።»

ሲሲ ስልኳን በመዳፏ ሸፈነች።

«የሶልቢን አልበም ከዚያ ምሽት በፊት እስከ መጨረሻው ሰምተሽው አታውቂም» አለች ጽጌሬዳ። «የተቀናቃኝሽ ነዋ። ሰምተሽው ቢሆን ኖሮ እሹሩሩው ስልካችሁ ላይ ያልነበረ ነገር መሆኑን ታውቂ ነበር። ስታንኳኪ ከፈተችልሽ። ከሰሉን አቀጣጥለሽ አስገባሽላት፤ ብርድ ነውና አመሰገነችሽ። አብራችሁ እስከ መጨረሻው ሰማችሁ። እንቅልፍ ሲጫጫናት ወጣሽና በሩን ዘጋሽ፤ ሥሩንም ደፈንሽ።»

ሲሲ ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ቻናሉን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እሷ ስለ ኮሪያ ምንም አታውቅም ነበር፤ ቡድኖቹን አንድ በአንድ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የሬዲዮ ሰዎቹ ግን ‹ያቺን ባለ ድምፅዋን ላኩልን› አሉ። ትንሽ አሟት መኪናው እንዲያመልጣት ነው የፈለግሁት። ሌላ አላሰብኩም።»

«ፎጣውስ?» አለች ጽጌሬዳ።

ሲሲ ጣቶቿን አፍተለተለች።

«ብርድ እንዳይገባባት ብዬ ነው።»

ልደቱ ከወንበሩ ሲነሳ ያርጋል ያዘው። ፖሊሱ ሲሲን ይዟት ሲወጣ በኮከብ ፊት አለፈች፤ ቆም ብላም አየቻት። ኮከብ ዓይኗን ጨፈነች፤ የግቢው በር ሲዘጋ እስክትሰማ ድረስም አልገለጠችም።

ከሰዓት በኋላ ኮከብና ልደቱ በሚኒባስ ዳባት ወረዱ። የእናቱ ቤት አጠገብ ሲደርሱ ልደቱ ቆመ።

«እኔ ለእናቴ ይህን ማለት አልችልም። አንቺ ንገሪልኝ።»

ወይዘሮ እስከዳር ድምፅ ሰምተው ጥቁር ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ። ኮከብን አቅፈው ሳሟት፤ ከዚያ ከትከሻዋ በላይ ወደ መንገዱ ተመለከቱ።

«ሲሲስ?» አሉ። «ልጄ ምነው ቀረች?»