ማሽኑ ለሁለት የቆረጠው መልእክት

ኮምፒውተር ስለሚያክም የቢሮው ሰው ሁሉ «ሐኪሙ» ይለዋል። ለራሱ ግን አልሆነለትም፤ ልቡ ከታመመ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ሰሞኑን ደግሞ ድካሙ አጥንቱ ድረስ ዘልቋል። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ኢሜሎቹን ወደ አዲስ ሰርቨር እያዛወረ ነው፤ ሥራው በሙሉ የወደቀው እሱ ጫንቃ ላይ። አሮጌው ፕሮግራም የአንድን ሰው መልእክቶች በሙሉ አንድ ረጅም ፋይል ውስጥ ያጠራቅማል። አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር የሚያውቀው በአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ነው። መስመር መጀመሪያ ላይ «ፍሮም» (በእኛ «ከ») የምትል ካየ፣ ሌላ መልእክት ተጀመረ ብሎ እዚያው ይቆርጣል። ደህና ፕሮግራም ቢሆን ሰው መልእክቱ ውስጥ የጻፋትን «ፍሮም» ምልክት አድርጎባት ይለያት ነበር። ይሄ ግን ደንታም የለው!

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በራሱ ፋይል ውስጥ ላኪም ቀንም ስለሌለው ፕሮግራሙ አሳይቶት የማያውቅ ቁራጭ አገኘ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ የቢሮው ኪቦርድ ሌላ አያውቅም። የሚጀምረውም በዚያችው ቃል ነው።

«ከነገ ጀምሮ አባቴ አጠገብ ነኝ። ከእኔ ሌላ አስታማሚ የለውም። እስኪድን ጠብቀኝ። ያለ አንተ አልችለውም።»

ከበላዩ ያለውን መልእክት በቃሉ ያውቀዋል። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ተርጓሚ ከሁለት ዓመት በፊት የላከችለት ነው፤ «ዘንድሮ እንጋባ ያልነው አይሆንም» የሚል። እዚያ ላይ ያበቃ መስሎት፣ ኩራት አንቆት፣ «ገባኝ» ብሎ መለሰላት። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሁለቱም ስልካቸውን ያያሉ። አሁን ዝውውር ተፈቅዶላት ነገ ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ ነው።

አይ መከራ! ቁራጩን አትሞ ደረጃውን በሩጫ ወጣው።

መዝገበ ቃላቶቿን ካርቶን ውስጥ ስትከት ደረሰ። ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። ከስታለች፤ ዓይኗ ግን ያው ነው።

«ማሽኑ ነው የቆረጠው» አላት እያለከለከ። «ይሄን ዛሬ ነው ያየሁት። እውነቴን ነው!»

«አምንሃለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ማሽኑ ቆርጦታል። አንተስ ምላስ አልነበረህም? «ገባኝ» ስትለኝ ይመጣል ብዬ በር በር ሳይ ከረምኩ። አባቴን ብቻዬን አስታመምኩ። ቀብሩ ላይ እንኳ ከሰው ኋላ ቆመህ ነው የሄድከው። ያን ጊዜ አንዴ «ለምን?» ብትለኝ ምን ነበረበት?»

አንገቱን ደፋ። ማሽኑን ሲራገም ደረጃውን የወጣው ሰው፣ አሁን የሚራገመው አጣ።

«ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ነው እንጂ!»

ኮሪደሩ ላይ ሰው እየሳቀ አለፈ።

«እሺ፣ አሁን ልጠይቅሽ» አለ። «ለምንድን ነው የምትሄጂው?»

መስኮቱን አየች፤ ከዚያ እሱን።

«ቅሪ የሚለኝ ሰው ስለሌለ።»

«ቅሪ። እወድሻለሁ፣ ቅሪ።»

ካርቶኑን በእግሯ ገፋ አድርጋ ወንበር ሳበችለት።

«ደክሞኛል እኮ» አለችው። «መቀየም ራሱ ደክሞኛል። ና፣ ቁጭ በል።»

አጠገቡ ተቀምጣ ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። ብዙም ሳይቆይ እንቅልፍ ወሰዳት። የሥራ ሰዓት አልቆ ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ እሱ ክንዱ ደንዝዞ፣ እንዳትነቃበት እየፈራ፣ ሳይንቀሳቀስ ተቀምጦ ነበር።