የግራ የኋላ ጎማ

ከፈለጋችሁ ውሸት ነው በሉ። አልከራከርም። እኔ የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው፤ ጋሼም አብረውኝ አይተዋል።

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፣ ፀሐዩ ገና አልበረደም። ጋራዡ ውስጥ የነበርነው ሁለታችን ብቻ ነን። ጋሼ የጋራዡ ባለቤት ናቸው። እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ።

አንድ መኪና ገብቶ ቆመ።

ታርጋውን ሳየው አወቅኩት...

የእህቴ መኪና ነበር፤ ተጠግኗል።

እትዬ የሞተችው በዚያ መኪና ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አላትና ከግንብ ጋር ተላተመች። ከአደጋው በፊት ፍሬኑን ያየሁላት እኔ ነበርኩ፤ ደህና ነበር። ባሏ ግን ለቅሶ ቤት፣ በሰው ሁሉ ፊት ጣቱን ቀስሮ "ገዳይዋ ይሄ ነው!" አለኝ። ከዚያ ወዲህ እናቴ እንኳ ቀና ብላ አይታኝ አታውቅም።

ከመኪናው የወረደው እሱ ነው። የእህቴ ባል።

ሰላምታ የለም።

"የፍሬኑ የኤቢኤስ መብራት በርቶ አልጠፋ ብሏል" አለ ለጋሼ። "የሄድኩበት ሁሉ አቃታቸው። ልሸጠው ነው፣ ገዢው ደግሞ መብራቱ ሳይጠፋ አልወስድም አለ።"

"ይሄ የሱ ሥራ ነው" አሉ ጋሼ ወደኔ እያመለከቱ።

ዞሮ አየኝ። ሊተፋብኝ የፈለገ ይመስላል።

"መብራቱን አጥፋ። ሌላ ነገር እንዳትነካ። ያንተ እጅ የነካው ምን እንደሚሆን አይተናል።"

መፍቻውን ወርውሬ ልወጣ ነበር። ግን የእትዬን መኪና ጥዬ መሄድ አልሆንልህ አለኝ።

መኪናውን አንስተን የብረት ማቆሚያ ላይ አሳረፍነው። አራቱም ጎማዎች አየር ላይ ተንጠለጠሉ። ሞተሩ ጠፍቷል። ቁልፉን ብቻ ከፈትኩና፣ ውጭ እንደቆምኩ በበሩ በኩል የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን ስካነር ሰካሁ። እያንዳንዱ ጎማ ፍጥነቱን የሚናገር ሴንሰር አለው።

ሦስቱ ጎማዎች ዜሮ ይላሉ።

የግራ የኋላው... ሃያ።

"ሴንሰሩ አብዷል" አልኩ በልቤ።

ሠላሳ... አርባ አምስት... ስልሳ...

ሄጄ ጎማውን በእጄ ያዝኩት። ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ሰማንያ...

ከዚያ በአንዴ ዜሮ።

ትንሽ ቆየና እንደገና ጀመረ። ሃያ... ሠላሳ... ልክ ቁልቁለት ላይ እንደተለቀቀ መኪና።

ጋሼ ክንዴን ያዙኝ። 

"ሰው ገብቷል እንዴ?" አሉ በሹክሹክታ።

"የት?"

"መኪናው ውስጥ።"

"ማንም የለም፣ ጋሼ።"

"እና ፔዳሉን ማነው የሚረግጠው?"

በሾፌሩ በር በኩል ጎንበስ ብዬ አየሁ።

የፍሬኑ ፔዳል ወደ ታች ሰመጠ። ተነሳ። ሰመጠ። ተነሳ። በጥድፊያ... በጭንቅ... ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ይብስበታል።

የእህቴ ባል ከኋላችን መጣ።

"ምን ትጎረጉራላችሁ? ምን ት..."

ፔዳሉን አየው። ከንፈሩ አመድ መሰለ።

"ንቀለው" አለኝ። "ሴንሰሩን ንቀለው!"

ጎማውን ፈታሁ። የሴንሰሩን ሶኬት ነቀልኩ። ሽቦው እጄ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ ከምንም ጋር አልተገናኘም።

ስካነሩ ግን መቁጠሩን አላቆመም።

ሽቦውን በባትሪ ብርሃን ተከተልኩት። የፍሬን ዘይት ከሚሄድበት የላስቲክ ቱቦ ጋር ተጠግቶ ያልፋል። ቱቦው አዲስ ነው፤ ከአደጋው በኋላ ተቀይሯል። ሽቦው ግን የድሮው ነው። መሃሉ ላይ ግማሽ ድረስ ተቆርጧል።

ያረጀ ሽቦ ይሰነጣጠቃል፣ ይበላል። ይሄ እንደዚያ አይደለም። ልሙጥ ነው። የስለት ቁራጭ ነው።

መብራቱ ለምን እንደሚበራ ገባኝ። ሌላውም ገባኝ...

ቱቦውን የቆረጠ ሰው ስለቱ አልፎ ሽቦውን ነክቶታል።

ቀና አልኩ።

"አንተ ነህ" አልኩት።

"አፍህን ዝጋ።"

"እህቴን..."

"አፍህን ዝጋ አልኩህ! አንተን ማን ያምንሃል? የገዛ እናትህ አታምንህም!"

እውነቱን ነው። አታምነኝም።

ጋሼ ሄደው የግቢውን በር ቆለፉ። ከዚያ ስልካቸውን አወጡ።

ያኔ ነው ያበደው። መኪናው ማቆሚያ ላይ መሆኑን፣ አንድ ጎማው መፈታቱን ረስቶ ዘሎ መሪው ጋ ተቀመጠ። በሩን ድርግም አድርጎ ዘጋ። ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ። ሞተሩ አልተነሳም።

ቀጭ...

በሮቹ ተቆለፉ።

መጀመሪያ እሱ የቆለፈ መስሎኝ ነበር። ግን መያዣውን መነቅነቅ ጀመረ። መስታወቱን በቡጢ መደብደብ ጀመረ።

ከዚያ ወደ እግሩ አየ።

ጩኸቱ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

"ልቀቂኝ! እግሬን ልቀቂኝ! እኔ ነኝ! ቱቦውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ! ልቀቂኝ በናትሽ!"

መስታወቱን በመዶሻ ሰብረን ጎትተን አወጣነው። ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ ጫማው ከሥሩ ቀረ። ፖሊሶች ሲደርሱ ሲሚንቶው ላይ ተኮራምቶ ያለቅሳል። ማንም ሳይጠይቀው ሁሉንም ተናገረ።

ያን ዕለት ማታ እናቴ ቤት ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ፖሊስ መጥቶ መኪናውን እስኪወስደው ድረስ ሌላ ሰው አላስነካም አልኩ። ባትሪውን ፈትቼ አወጣሁት። ከማቆሚያው አውርደን፣ ጎማውን መልሰን፣ ገፍተን ግቢው ጥግ አቆምነው።

ረፋዱ ላይ ጋሼ ከቢሯቸው በር ላይ ሆነው ጠሩኝ። በእጃቸው ወደ መኪናው ጠቆሙኝ።

በተሰበረው መስታወት በኩል አየሁ።

የሾፌሩ ወንበር ወደ መሪው ተጠግቷል... ልክ አጭሯ እትዬ እንደምታደርገው።

ወንበሩ ባዶ ነው።

ቀበቶው ግን ታስሯል። እንደተወጠረ... የሚተነፍስ ደረት ላይ እንዳለ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል...

ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል...