ደራሲው ያልጻፉት ስንብት

ደራሲ አምሳሉ ቱላ በሚገኘው ቤታቸው፣ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ተገኙ። ከጎናቸው ፀረ ተባይ የተቀላቀለበት ሻይ፣ በስልካቸው ደግሞ ለልጃቸው የተላከ ስንብት ነበር፦ «ሐይቁ ይጠራኛል። ማዕበሉ እንደ እናት አቅፎ ያስተኛኛል።»

ስልኩ አሻራ እስኪጠፋ በጨርቅ ተወልውሎ ነበር። ሊሞት የቆረጠ ሰው ስልክ አይወለውልም። ስለዚህ ፖሊስ ሻዩን ያፈላችውን አርታኢያቸውን ሙሉመቤትን ያዘ፤ የሰውየውን አጻጻፍ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል ተባለ። በማግስቱ ፍርድ ቤት ልትቀርብ ነው። ኢንስፔክተር ሩታ ይህን ስትሰማ ከንፈሯን አጣመመች። ለችኩል ባልደረቦቿ ያላትን ንቀት ደብቃ አታውቅም።

በዕለቱ ቤቱ የገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው። ከልጃቸው ከትንሣኤ ጀመረች።

«አባቴ ሐይቁን ማየት አይወዱም ነበር» አለ። «ታናሽ ወንድማቸው እዚያ ሰጥሞ ነው የሞተው። ቱላ የገቡትም ከሐይቁ ለመራቅ ነው።»

«መጻሕፍታቸው ግን በሐይቅ የተሞሉ ናቸው።»

«እሱን ሙሉመቤትን ይጠይቋት።»

ጣቢያ የታሰረችው ሙሉመቤት አልደበቀችም። «አንባቢ ሐይቅ ይወዳል። የማስገባው እኔ ነኝ። እሳቸው ያንን ገጽ ሳያነቡ ያልፉታል።»

ሩታ የአምሳሉን የእጅ ጽሑፎች አንድ በአንድ አገላበጠች። ስለ ሐይቅ አንዲት ቃል የለም።

ሦስተኛው ኪሩቤል ነው፤ ከተማ ውስጥ ባህል አዳራሽ አካባቢ ቢሮ አለው። የደራሲውን ዘጠኝ መጻሕፍት ሳያስፈቅድ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት መግቦ፣ «አዲስ የአምሳሉ ልቦለድ» ሊሸጥ ተዘጋጅቷል። አምሳሉ ሰኞ ሊከሱት ነበር።

«መጻሕፍቱን አንብበሃቸዋል?» አለችው።

«እኔ ለምን አነባለሁ? ማሽኑ አንብቧቸዋል።»

«ፕሮግራሙ ሌላ ሰው እጅ አለ?»

«ሌባ በበዛበት አገር? ከእኔ ላፕቶፕ ወጥቶ አያውቅም።»

ሌባ የሚለው ቃል ከእሱ አፍ ሲወጣ ሩታ ልትስቅ ምንም አልቀራት።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሟቹ ቤት ሰበሰበቻቸው። በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተያዘው ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል።

«ትንሣኤ አባቱ ሐይቁን እንደሚጠሉ ያውቃል። ሙሉመቤትም ታውቃለች። ከሁለቱ አንዳቸው አስመስለው ቢጽፉ ኖሮ ሐይቅ የምትል ቃል ባልገባች። ይህን የጻፈው አምሳሉን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ነው።» ወደ ኪሩቤል ዞረች። «አንተ ደግሞ በመጽሐፍም አታውቃቸውም። ስንብቱን እንኳ ራስህ መጻፍ አልቻልክም።»

ከዚያ ማሽኑን በአምሳሉ አጻጻፍ ስንብት እንዲጽፍ አዘዘችው። ስክሪኑ ላይ መጣ፦ «ሐይቁ ይጠራኛል። ማዕበሉ እንደ እናት…»

«ማሽኑን የጠየቅኸውን ከላፕቶፑ አጥፍተሃል፤ ማሽኑ ግን ደጋግሞ ያንኑ ይላል። ከአንተ ሌላ ማንም እንደሌለው ደግሞ ራስህ ነገርከኝ።»

ኪሩቤል ላፕቶፑን ሊዘጋ እጁን ዘረጋ። «እኔ እኮ… የሰጠሁት የአምሳሉን መጻሕፍት ነው!»

«የሰረቅኸው የሙሉመቤትን ዓረፍተ ነገር ነው። ስሟ ሽፋን ላይ ስለሌለ አላወቅህም።»

ካቴናው ከሙሉመቤት እጅ ወልቆ ወደ ኪሩቤል ሄደ። እሷ ግን ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም፤ እንባዋ ይወርዳል።

«ይቺን ስጽፍ ታምሜ ነበር» አለች። «ከሃያ ዓመት ሥራዬ መርጦ መርጦ፣ ሰው የገደለው በማፍርባት ዓረፍተ ነገር ነው።»