ደም የቀመሰ ውሻ

በጋምዛ ምድር የውሻን ነገር ሥርዓት ያስያዙ ሦስት አባቶች ነበሩ። ፊተኛው ሰንዳቅ ይባላል፤ ቁመቱ ከሰው ጉልበት በታች የቀረ ውሻ የቤተ መንግሥት በር እንዳይጠብቅ የደነገገ እርሱ ነው። ሁለተኛው ወሰንዘር ነው፤ ውሻ በከንቱ ቢጮኽ አሳዳጊው ይገሠጽ እንጂ ውሻው አይመታ ብሎ አዘዘ። ሦስተኛው ጎንጥ፣ ለዘበኛ ውሻ ከጥሬ ሥጋና ከጥሬ አጥንት በቀር ምንም እንዳይቀርብለት ወሰነ። የሁለቱ ሕግ ጸና። የጎንጥን ግን የኋላ ነገሥታት ሻሩት። ጥሬ ሥጋ የመኳንንት ማዕረግ ሆኖ ሳለ ውሻ እንዴት ከመኳንንት እኩል ይበላል ተባለና፣ ውሾቹ በቅቤ የራሰ የገብስ ገንፎ፣ በበዓል ቀን ደግሞ ማር የፈሰሰበት ይቀርብላቸው ጀመር። በዚያውም ላይ አዲስ ሕግ ታወጀ፦ «ደም የቀመሰ ውሻ ወደ ሰው ይመለሳል። በሰው ላይ ጥርሱን ካሳረፈ ይገደል፤ ያቀመሰውም በክብር አይቀበር።»

በንግሥት ሐመልማል ዘመን የዝናም ነጋሪት ተሰረቀ። ይህ ነጋሪት በክረምት መግቢያ ካልተጎሰመ ደመና ወደ ጋምዛ ፊቱን አያዞርም። ዘበኞቹ ሲመረመሩ በአንድ ቃል «የነጋሪቱ ጠባቂ ራሱ በቀትር ከፍቶ ወሰደው» አሉ። ጠባቂው ግን በዚያች ሰዓት በንዳድ ተይዞ፣ ስድስት ሰዎች በከበቡት አልጋ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ጊዜ ለሁሉም ገባው፤ ከጉንዶ ገደል መሳይ መጥቷል። መሳይ የራሱ ፊት የሌለው፣ ያየውን ሰው ፊት የሚለብስ ፍጡር ነው።

ከዚያ ቀን አንሥቶ በመናገሻው በሰቀላት ሰው ሰውን ማመን ተወ። ባል ከገበያ ሲመለስ ሚስት በሩን ሳትከፍት «በሠርጋችን ዕለት ማን ሰክሮ ወደቀ?» ትላለች፤ «አባትሽ» ሲላት ትከፍታለች። የእልፍኝ አስከልካዩ ልጅ ዘውገ በዚያ ወራት ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። በጦር ውርወራ የሚስተካከለው አልነበረም፤ እርሱ ግን ከጦሩ ይልቅ በጠርጣሪነቱ ይኮራ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን የንግሥቲቱ ውሾች ሹም ሊቀ ከለባት ወንድይራድ፣ ሰባ ዓመት ያላጎበጠው ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው በችሎት ቆሙ።

«ግርማዊት ሆይ፣ መሳይ መልክ ይሰርቃል እንጂ ጠረን አይሰርቅም። አባቶቻችን ይይዙት የነበረው በውሻ አፍንጫ ነው። ከሰንዳቅ ውሾች ዘር የቀረን፣ ልየው የተባለው ውሻ ግን፣ ገንፎ በልቶ በልቶ ሆዱ መሬት ይጠርጋል። ትናንት ካባ ቀይሬ ብመጣ እኔን አሳዳጊውን ጮኸብኝ። ዐሥራ አራት ቀን ይስጡኝ። ወደ ጎንጥ ሥርዓት እመልሰዋለሁ፤ ነጋሪቱንም አስመልሳለሁ።»

የዘውገ አባት እልፍኝ አስከልካዩ ከት ብለው ሳቁ። «ጥሬ ሥጋ ለውሻ! ነገ ደግሞ ጠጅ በብርሌ ይቅረብለት ይሉናል!»

«ጠጁን ለእርስዎ ትቶልዎታል» አሉ ሽማግሌው። «እርሱ ሥራ አለበት።»

ንግሥቲቱ ሳቅ አፍነው ፈቀዱ፤ ነገር ግን ዘውገ ከውሻው ጎን እንዳይለይ አዘዙ። ዘውገም በችሎቱ መካከል ጦሩን ተክሎ ማለ፦ «ውሻው በሰው ላይ ጥርሱን ቢያነሣ በዚህ ጦር እወጋዋለሁ፤ ያቀመሰውንም አስሬ አመጣለሁ። ይህን ባላደርግ ጦሬ ይክዳኝ፤ ጥላዬ ይሽሸኝ!»

ጉንዶ ገደል ከሰቀላት የሁለት ቀን መንገድ ነው። መንገድ የምትመራቸው ውዳላት የምትባል፣ ጉንጯ ላይ ጠባሳ ያለባት፣ ከገደሉ አፋፍ የተወለደች ቀስተኛ ነበረች። ዘውገ እርሷንም ጠረጠረ፤ ከመሳዮች ጎረቤት ያደገች ሴት ምን እንደምትሆን ማን ያውቃል? ሽማግሌው በገደሉ አጠገብ ካለ ዱር፣ ከወንዝ ዳር አሰፈሯቸው።

በመጀመሪያው ቀን ልየው ውሃ ብቻ ጠጣ። «ሆዱ ገንፎውን ይርሳ» አሉ አባ ወንድይራድ። በማግሥቱ ስቡ የተለየለት የፍየል ሥጋ፣ ጭብጥ የምታህል ብቻ፣ ቀረበለት። ውሻው አሸተተና ፊቱን አዞረ። ወደ ዘውገ ስልቻ ሄዶ በሶውን እያነፈነፈ አላዘነ።

«ተመልከቱት፤ እንስሳው ራሱ አልፈልግም እያለ ነው» አለ ዘውገ።

«አንተስ ጡት ስትጥል አላለቀስክም?» አለች ውዳላት። «ወይስ ለእልፍኝ ልጆች ጢም እስኪያበቅሉ ይፈቀዳል?»

በአምስተኛው ቀን ልየው ቢጫ አስታወከ። ዘውገ ጦሩን አነሣ። ሽማግሌው ግን ሥጋውን ቀነሱለት እንጂ አልደነገጡም። በየማለዳው የውሻውን ኵስ በእንጨት እየገለበጡ ይመረምሩ ነበር፤ የላላ እንደ ሆነ ያሳንሱለታል፣ የጠና እንደ ሆነ ጥቂት ጉበትና ያልታጠበ ጨጓራ ይጨምሩለታል።

ዘውገ አፍንጫውን ይዞ፣ «የንግሥት ባለሟል ሆነው ይህን መመርመር አያሳፍርዎትም?» አላቸው።

«ልጄ፣ በእልፍኝ የሚነገረውን ሁሉ አርባ ዓመት ሰምቻለሁ። ከዚህ የበለጠ እውነት የሚናገር አላጋጠመኝም።»

ነገሩ ሁሉ ለዘውገ አልጥም አለው። ሽማግሌው ሥጋውን ሲቆርጡ ጀርባቸውን ይሰጡታል፤ ምን ይጨምሩበት ይሆን? ከማብላታቸው በፊት በውሻው ጆሮ ያንሾካሹካሉ፤ ምን ይነግሩት ይሆን? በዘጠነኛው ቀን የልየው ሆድ ገብቶ፣ ጸጉሩ ዘይት እንደ ተቀባ ያበራ ጀመር። በዚያ ቀን አንድ ማር ሻጭ በሰፈሩ ሲያልፍ ውሻው የጀርባውን ጸጉር አቁሞ ተነሣበት። ሰውየው እንስራውን ጥሎ ወደ ገደሉ ሸሸ።

«መሳይ ነበር። ሲሰልለን ከርሟል» አሉ ሽማግሌው።

«ጥጃ የሚያህል ውሻ ሲነሣበት የማይሮጥ ማር ሻጭ አሳዩኝ» አለ ዘውገ።

በዐሥረኛው ቀን አጥንት ተጨመረለት፤ የፍየል ጎድንና ብራኳ፣ ሁሉም ጥሬ። ዘውገ ከምሳው የተረፈ የተቀቀለ አጥንት ሊወረውርለት ሲል ሽማግሌው ክንዱን ያዙት።

«ለዚህ ውሻ እሳት የነካው አጥንት አይሰጠውም። ጥሬው በጥርሱ ይደቃል። የተቀቀለው ግን እንደ ሸክላ ተሰብሮ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ሰማኸኝ?»

ዘውገ ሰምቷል፤ ግን አላመነም። ስንት የመንደር ውሻ የወጥ አጥንት ቆርጥሞ ሲያድግ አይቷል! በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ጦሩን ሲስል ጣቱን ቆረጠው። ልየው ድምፅ ሳያሰማ መጣ፤ ደሙን ላሰ፤ ከዚያም ቀና ብሎ ዓይኑን በዓይኑ ላይ አሳረፈ። ዘውገ እጁን ሳበ። «ቀመሰኝ» አለ በልቡ። «ሕጉ እውነት ነው። ይህ ጥሬ ሥጋ አንድ ቀን ሁላችንን ያስበላናል።»

በማግሥቱ ረፋድ ሽማግሌውና ውዳላት የወንዙን መሻገሪያ ሊያዩ ወረዱ። ዘውገ የልየውን ድርሻ አንሥቶ ከሚፈላው ድስት ጨመረው፤ ደሙ ከውስጡ ወጥቶ አጥንቱ እስኪነጣ ቀቀለው። ውሻው ጅራቱን እየቆላ በላ። ዘውገም ክፉን ነገር ያራቀ መስሎት ልቡ ቀለለው።

ከቀትር በኋላ ከጉንዶ ዋሻ አፍ ሲደርሱ ልየው ሳለ። ደግሞ ሳለ። ከአፍንጫው ደም ጠብ አለ።

«ምን በላ?» አሉ ሽማግሌው።

«የሰጡትን» አለ ዘውገ።

ውዳላት ቀስቷን ስባ ቀድማ ገባች። ነጋሪቱ በዋሻው መካከል በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ተመልሳም «ማንም የለም፤ ግቡ» አለች። ገና እግራቸውን ሲያነሡ ሌላ ውዳላት ከጨለማው ወጣች። «አትስሟት! እኔ ነኝ!»

ሁለቱ ቀስታቸውን እርስ በርስ ደገኑ። ጠባሳቸው አንድ፣ ድምፃቸው አንድ ነበር።

ዘውገ ጦሩን ከአንዷ ወደ ሌላዋ እያዞረ ጮኸ። «በሁለተኛው ቀን ምን ብለሽ ሰደብሽኝ?»

«ጡት ስትጥል አላለቀስክም ብዬ!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

«ልየው፣ ለይ!» አሉ ሽማግሌው። ውሻው አፍንጫውን አነሣ፤ ነገር ግን ከራሱ ደም በቀር የሚሸተው አልነበረም። ወደ አንዷ አየ፣ ወደ ሌላዋ አየ፤ አቃሰተ። አባ ወንድይራድ ተንበርክከው መንጋጋውን ከፈቱና እጃቸውን እስከ አንጓቸው ወደ ጉሮሮው ሰደዱ። ውሻው በሥቃይ ነከሰ። ደም በክንዳቸው ወረደ።

«እጃቸውን እየበላው ነው!» አለች አንዷ ውዳላት። «ዘውገ፣ መሐላህ! ውጋው!»

ዘውገ ጦሩን አነሣ። ዐሥራ አራት ቀን የጠበቃት ሰዓት ደረሰች።

«ታገሥ» አሉ ሽማግሌው ዘወር ሳይሉ። «እጄን እስካወጣ ድረስ ብቻ ታገሥ፣ ልጄ።»

የዘውገ ክንድ በአየር ላይ ቀረ። በዚያች ቅጽበት ፍላጻ ጮኾ መጥቶ በአባ ወንድይራድ ጀርባ ተተከለ። «እሷ ናት!» አሉ ሁለቱም። ሽማግሌው ተርገፈገፉ፤ እጃቸውን ግን አላወጡም። ጥርሳቸውን ነክሰው ፈለጉ፣ ያዙ፣ ሳቡ። በሁለት ጣታቸው መካከል የጣት እርዝመት ያላት፣ እንደ መርፌ የሾለች ነጭ ስባሪ ወጣች።

ልየው አነጠሰ፤ ደሙ በድንጋዩ ላይ ተበተነ። አንድ ጊዜ ብቻ ትንፋሽ ሳበና ተወርውሮ በቀኝ በኩል የቆመችውን ጉሮሮዋን ያዘ። የዘውገም ጦር ተከተለ። ከወደቀው ፍጡር ላይ የውዳላት ፊት እንደ ሰም ቀልጦ ወረደ፤ ከሥሩም ዓይን የሌለው ልሙጥ ቆዳ ታየ።

አባ ወንድይራድ ስባሪዋን ወደ ብርሃን አነሧት፤ በጥፍራቸው ፈተኗት። ከዚያም ዘውገን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ዘውገ የሚመጣውን እርግማን ጠበቀ።

«ለውዳላት አትንገራት» አሉት በቀስታ። «ትገድልሃለች።»

በከንፈራቸው ፈገግታ እንደ ቀረ አረፉ።

በሁለተኛው ቀን ነጋሪቱ በሰቀላት ተጎሰመ፤ ዝናምም መጣ። ሕዝቡ በጭቃ ላይ ጨፈረ፤ የዘውገን ስም እየጠራ ፎከረ። ሬሳውን የሚያጥቡ ሰዎች ግን የሽማግሌውን ቀኝ እጅ ባዩ ጊዜ ደንግጠው ወደ ችሎት ሮጡ። እጁ በውሻ ጥርስ ተቦድሶ ነበር።

እልፍኝ አስከልካዩ ተነሡ። «ግርማዊት ሆይ፣ የፈራነው ደረሰ። ፍላጻው የመሳይ ቢሆንም፣ ይህ እጅ ግን የማን ሥራ ነው? ውሻው የአሳዳጊውን ሥጋ ቀምሷል። ሕጉ ይፈጸም፤ ውሻው ይገደል፣ ወንድይራድም ከከተማ ውጭ ይቀበር። ለልጄ ግን የጀግና ሽልማቱ ይሰጠው።»

ውዳላት «እጃቸውን የሰደዱት ከጉሮሮው አጥንት ሊያወጡ ነው!» ብላ ጮኸች።

«ያውም ራሳቸው የሰጡትን አጥንት!» አሉ እልፍኝ አስከልካዩ። «ጥሬ አጥንት ያበላ ማን ሆነና?»

መኳንንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልየው በገመድ ታስሮ በችሎቱ ደጅ ዝናም ይመታው ነበር። ገዳዩ ቢላዋውን ይዞ ቆሟል። ለዘውገ የተዘጋጀው የአንበሳ ጎፈር በሰፌድ ላይ ቀርቧል፤ ዝም ቢል የራሱ ነበረ።

ዘውገ ወደ ዝናሙ ወጣ። የልየውን ገመድ ከገዳዩ እጅ ተቀበለና ውሻውን ይዞ ተመልሶ በችሎቱ መካከል ቆመ። ጦሩን በንግሥቲቱ እግር ሥር አኖረ።

«ግርማዊት ሆይ፣ ያ አጥንት ጥሬ አልነበረም።»

«ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉ አባቱ። «ሐዘን አናውጦት ነው...»

«ጤነኛ ነኝ፣ አባቴ። አባ ወንድይራድ እሳት የነካው አጥንት እንዳልሰጠው ክንዴን ይዘው ከልክለውኛል። እኔ ግን ዞር እስኪሉ ጠብቄ ቀቀልኩት። የውሻውን አፍንጫ በደም የደፈንኩት እኔ ነኝ። ምን በላ ብለው ሲጠይቁኝም ዋሸኋቸው። እጃቸውን የከተቱት የእኔን ጥፋት ሊያወጡ ነው፤ ፍላጻው ያገኛቸውም ለዚያ ተንበርክከው ሳሉ ነው።» ውዳላት ስታየው አወቀ፤ ዓይኑን ግን አልሸሸገም። «ሕጉ በእኔ ይፈጸም፤ እርሳቸው በክብር ይቀበሩ፣ ውሻውም ይትረፍ። ሥጋውን ጠረጠርኩ፤ ሽማግሌውን ጠረጠርኩ፤ ውዳላትንና ይህን ውሻ ጠረጠርኩ። አንድም ቀን ግን ራሴን አልጠረጠርኩም። እርሳቸው ልክ ነበሩ፤ እኔ ተሳስቼ ነበር።»