የአባቴ እግር

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አምሀ ሽማግሌ ይዞ መጣ። በወጉ ጠያቂው ራሱ አብሮ አይመጣም፤ ግን ጅቡቲ ላይ ዘመድ ከየት ይምጣ? ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ዘበኛ የሆኑት ጋሽ ታፈሰና አንድ ጓደኛቸው ሽማግሌ ሆኑ። እኔም እናት አጠገቤ ስለሌለች፣ አብረውኝ በሰው ቤት የሚሠሩት እትዬ በለጡ እንደ እናት ሆነው ካርቲየ 6 ሰፈር በተከራዩዋት ክፍል ተቀበሏቸው።



ግራ እጄ ሁለት ጣት ብቻ ነው ያለው፤ መሃሉ ክፍት ነው። ይህንን አምሀ ያውቃል። በተዋወቅንበት ቀን ገበያ ውስጥ ዘንቢሌን ሲቀበለኝ ዓይኑ እጄ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ወደ ፊቴ ወጣና እዚያው ቀረ። አለመደንገጡን ወደድኩለት። የማያውቀው ሌላ ነገር ነው።

እናቴ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አርግዤሽ በቀትር ወንዝ ወርጄ ጋኔን ለከፈሽ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ባለፈው ሳምንት ግን የአሠሪዎቼን ልጅ ክሊኒክ ስወስድ ሐኪሟ እጄን አየች፤ እናቴ የምትለውን ነገርኳት።

«እጅ ማህፀን ውስጥ ሲጀመር እንደ ጭልፋ ጠፍጣፋ ነው፤ ጣቶቹ የሚለያዩት ኋላ ነው። ያንቺ መሃሉ ሳይሠራ ቀርቷል። ቀትር እንዲህ አያደርግም። ከቤተሰብሽ እንዲህ ያለ ሰው አለ?»

ለእናቴ ደወልኩ። «የአባትሽ እግር» አለች፤ «እንደ እጅሽ መሃሉ ክፍት ነበር።» ወይ ጉድ! ነፍሱን ይማረውና አባቴን ያለ ካልሲ አይቼው አላውቅም። እግሩን እንኳ በሩን ዘግቶ ነበር የሚታጠበው። ሰው በሱ እንዳይፈርድ ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ጥፋቱን ተሸከመችለት። ሐኪሟ ይህን ስትሰማ፣ የምወልደው ልጅ ሁሉ እኔን የመምሰል ዕድሉ እኩል በእኩል መሆኑን ነገረችኝ።

እትዬ በለጡ መክረውኛል። «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ! ስትወልጂ ቀትር መታኝ ትያለሽ።» አምሀን ማጣት ደግሞ ለኔ ሞት ነው።

ጋሽ ታፈሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል። እንግዲህ በዘር በኩል የሚነገር ነገር ካለ...»

«ኧረ ምንም የለም!» አሉ እትዬ በለጡ።

«አለ» አልኩ እኔ። የአባቴን እግር፣ የሐኪሟን ቃል፣ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩት።

 አምሀ አቀርቅሯል። ጋሽ ታፈሰ ኮፍያቸውን አንስተው ቆሙ። «እንግዲህ... ተመካክረን እንመለሳለን።» እንደማይመለሱ ገባኝ።

አምሀ ቀና አለ። ተቆጥቷል። «እንቁ፣ ለምን ለብቻዬ አልነገርሽኝም?»

«ለብቻህ ብነግርህ ትደብቅልኛለሃ! እናቴ ለአባቴ እንደደበቀችለት። ከዚያ ልጃችን እጁን ከሰው ሲደብቅ ሊኖር ነው። አልፈልግም!» እንባዬ መጣ።

 

«እውነትሽን ነው» አለ አምሀ። «እደብቅልሽ ነበር።»

ከዚያ ወደ በሩ ዞረ።

«ጋሽ ታፈሰ፣ የት ሊሄዱ ነው? ይቀመጡ እንጂ። ልጅቷን እኮ ገና አልሰጡንም።»