በሙሽራዋ ጉንጭ ላይ ያረፈው ቅላት

ፎቶ አንሺው ከስቱዲዮው ደረጃ ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ። ሰው ሁሉ «መስኮቴ» ይለው ነበር። ሙሽራ ሲያነሳ ፍላሽ አይነካም፤ በትልቁ መስኮት በምትገባው የጠዋት ፀሐይ ብቻ ይሠራል።

«ወደ ኋላ እያፈገፈገ ሲያነሳ ደረጃው አምልጦት ነው» አለች ሚስቱ፣ በግራጫ ቀሚሷ እጅጌ ዕንባዋን እየጠረገች። የቤቱ ሙሽራ አሳማሪ እሷ ናት።

መርማሪዋ የሴትየዋን ጣቶች አየት አድርጋ ወደ ላይ ወጣች። ካሜራው መስኮቱ ፊት ለፊት በሦስት እግሩ ቆሟል።

«ካሜራውን እዚህ ትቶ፣ እዚያ በባዶ እጁ ምን ያነሳል?» አለች።

ሙሽራዋን ይዞ በዚያ ጠዋት ሊነሳ የመጣው ሙሽራ ጥቁር ሱፉን እንደለበሰ ግቢው ውስጥ ይንጎራደዳል።

«አሥር ጊዜ አገጯን ቀና፣ አሥር ጊዜ ፀጉሯን መለስ! ደሜ ፈልቶ ወረድኩ እንጂ አልነካሁትም።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ረዳቱ ነው፤ ሸሚዙ ነጭ ነው። «ቀንቼበታለሁ፣ አልዋሽም» አለ። «እኔ በፍላሽ የማነሳቸው ሰዎች በባትሪ የተያዘ ሌባ ይመስላሉ። እሱ ሲያነሳቸው ያምራሉ። ቢሆንም ወንድሜ ነው!»

ሙሽራዋ እያለቀሰች ተናገረች። «ወደ መስኮቱ እይ፣ እንዳትነቃነቂ አለኝ። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው በቀኜ መጥቶ ቆመ። ነጩን ጨርቅ የሚይዝለት ወንድሙ መስሎኝ አልዞርኩም። ከዚያ ፎቶ አንሺው በቁጣ ‹በቃ፣ በበረንዳው ደረጃ ውረጂ› አለኝ፤ ወጣሁ።»

ነጩ ጨርቅ የመስኮቱን ብርሃን ጥላ ወዳጠላበት ጉንጭ የሚመልስ ነው። ያዢው ምንጊዜም ታናሽ ወንድሙ ነው።

«ጨርቁን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ጓዳ ወንበር ልፈልግ ገብቼ ነበር» አለ ልጁ። ያየው ሰው ግን አልነበረም። ፖሊሶቹ ይዘውት ሄዱ፤ ወንድሙን ባጣበት ቀን ስሙንም አጣ።

መርማሪዋ ካሜራው ውስጥ ያለውን የመጨረሻ ፎቶ ደጋግማ አየች።

በማግስቱ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው። ልጁም በካቴና መጣ። ሙሽራዋን በቦታዋ አቁማ ፎቶውን አሳየቻቸው።

«ቀኝ ጉንጯ ቀልቷል። ቀለም ተቀብታ ነው እንዳትሉኝ፣ የዓይነ ርግቧም ጫፍ ቀልቷል። ከዚያ በፊት በተነሳው ፎቶ ላይ ግን ቅላቱ የለም።»

ቀይ ጨርቅ አውጥታ ፀሐይዋ እንድታርፍበት አድርጋ ወደ ሙሽራዋ አስጠጋች። ጉንጩ ቀላ።

«በቀኟ የቆመው ሰው ቀይ ለብሷል። የሙሽራው ሱፍ ጥቁር ነው፣ ብርሃን ይውጣል እንጂ አይመልስም። የወንድምየው ሸሚዝ ነጭ ነው።» ወደ ልጁ ዞረች። «እዚህ ቤት ለምንድን ነው ነጭና ግራጫ ብቻ የምትለብሱት?»

«ቀለም ብርሃን ያበላሻል ብሎ ከልክሎን ነው። እትዬ እንኳ ካገባችው ወዲህ ሌላ ለብሳ አታውቅም።»

መርማሪዋ ወደ ሚስትየው ቀረበች። «ታዲያ እመቤት፣ ጥፍርዎን ቀይ የቀቡት ከየትኛው ቀሚስ ጋር እንዲሄድ ነው?»

ሴትየዋ ጣቶቿን ጨበጠች። ግን ረፍዶባታል።

«ቀዩ ቀሚስ ከቁም ሳጥኑ ሥር ነው ያለው» አለች። «ስንቷን ሙሽራ በእጄ አሳምሬ አቀረብኩለት! እያንዳንዷን አፍጥጦ ያያል። እኔን አንድ ቀን እንኳ ‹ነይ፣ እዚህ ቁሚ› ብሎኝ አያውቅም። ቅናት አንጀቴን በላው። ቀይ ለብሼ አጠገቧ ቆምኩ፤ ይየኝ ብዬ። ልጅቷ ስትወጣ ደረጃው አፍ ላይ ደርሼበት ‹አላየኸኝም?› አልኩት።»

«ምን አለዎት?»

«‹ጉንጯን አበላሸሽብኝ› አለኝ። ገፋሁት። ልብሴን ቀይሬ ነው የጮህኩት።»

ካቴናው ከልጁ እጅ ወጥቶ እሷ እጅ ላይ ገባ። ሊወስዷት ሲሉ መስኮቱ ጋ ቆም አለች። ፀሐይዋ ፊቷ ላይ አረፈች። በታሰሩ እጆቿ አገጯን ራሷ ቀና አደረገች።

«እንዲህ ነበር የሚያቆማቸው?» አለችው ልጁን።

«አዎ፣ እትዬ» አለ።

ካሜራው ፊት ለፊቷ ነበር። ያነሳት ግን የለም።